የሽንት መመርመሪያ ካርዱ ስፓይስን አያይም

«ሁሉንም ያሳያል፣ ማዘር።»

የዕፅ መመርመሪያ ካርድ ልትገዛ ለመጣች እናት ከባንኮኒው ኋላ ብዙ ጊዜ የሚሰጣት መልስ ይኸው ነው። መልሱ ስህተት ነው። ካርዱ የሚያሳየው ፊቱ ላይ የተጻፉትን ብቻ ሲሆን ሰው ሠራሽ ካናቢስ፣ ማለትም ስፓይስ ወይም ኬ ቱ እየተባለ የሚጠራው፣ ከእነሱ ውስጥ የለም። በአያት ይሁን በጀሞ፣ በኮዬ ፈጬ ይሁን በቱሉ ዲምቱ፣ ልጁ ያሳሰበው ወላጅ ይህን ካርድ ገዝቶ «ነጻ» የሚል ውጤት ሲያይ እፎይ ብሎ ይተኛል። ይህን ግምገማ ያስጻፈን ያ እፎይታ ነው። ካርዱ ለተሠራበት ሥራ ደህና ዕቃ ነው። ብዙ ሰው የሚገዛው ግን ላልተሠራበት ሥራ ነው።

የምንገመግመው ሽንት ውስጥ የሚነከረውን፣ አምስት ዓይነት ዕፅ የሚለየውን ካርድ ነው። ሠሪዎቹ ብዙ ቢሆኑም አሠራራቸው አንድ ነው። ውጤት የሚታይባቸው መስኮቶቹ አብዛኛውን ጊዜ ለካናቢስ (ለሀሺሽ)፣ ለኮኬይን፣ ለሞርፊን ወገን፣ ለአምፌታሚን፣ አምስተኛው ደግሞ ለሜታምፌታሚን ወይም ቤንዞዳያዜፒን ለሚባሉት የማረጋጊያና የእንቅልፍ ኪኒኖች ናቸው። የሕመም ማስታገሻው ትራማዶል በሞርፊኑ መስኮት አይታይም፤ የራሱ መስኮት ያለው ካርድ ይፈልጋል። የነርቭ ሕመም መድኃኒቱ ፕሪጋባሊንም እንደዚያው። ስለዚህ ገና ከመግዛትዎ በፊት ካርዱን አገላብጠው የትኞቹ ስሞች እንደተጻፉበት ያንብቡ። ጥርጣሬዎ ሀሺሽ ላይ ብቻ ከሆነ ባለ አንድ መስኮቱ ይበቃል፤ ለቀሩት አራት መስኮቶች ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም።

ሲገዙ የፎይሉን ጀርባ ይዩ። የማብቂያ ቀኑ ያለፈ፣ ፎይሉ የተቀደደ፣ ወይም እርጥበት የምትመጠው ትንሿ ከረጢት ውስጡ የሌለች ካርድ አይታመንም። ካርዱ ከ2 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውስጥ መቀመጥ አለበት። ለዚህ የአዲስ አበባ አየር አይከፋም። የሚያበላሸው የከሰዓት ፀሐይ በቀጥታ የሚመታው የመስታወት መደርደሪያ ላይ የከረመ፣ ወይም ከመሃል ከተማ ተገዝቶ መኪና ዳሽቦርድ ላይ የዋለ እንደሆነ ነው። በክረምት ደግሞ እርጥበቱን ይፍሩ። ፎይሉ የሚቀደደው ሽንቱ ዕቃ ውስጥ ከገባ በኋላ ነው፤ አንዴ ከተከፈተ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሥራ ላይ መዋል አለበት።

አጠቃቀሙ ቀላል ቢመስልም የሚሳሳተው ሰው ብዙ ነው። ሽንቱ ንጹሕና ደረቅ ዕቃ ውስጥ ይሁን። በሳሙና ታጥቦ በደንብ ያልተለቀለቀ የእርጎ ኩባያ ውጤቱን ሊያዛባ ስለሚችል ከፋርማሲ ክዳን ያለውን የሽንት መያዣ መግዛት ይሻላል። 30 ሚሊ ሊትር ያህል በቂ ነው። ሌሊቱን ሲጠራቀም የሚያድረው የጠዋት የመጀመሪያ ሽንት ይመረጣል። ትኩስ ሽንት ከ32 እስከ 38 ዲግሪ ስለሚሆን ዕቃው ከውጭ ሲዳሰስ ለብ ይላል። ከቀዘቀዘ ወይም እንደ ውኃ ከነጣ፣ የቧንቧ ውኃ ተጨምሮበታል ወይም ልጁ ብዙ ውኃ ጠጥቶ ገብቷል ማለት ሊሆን ይችላል፤ በሌላ ጠዋት ይደገም። የካርዱ ክዳን ይነቀልና የስትሪፖቹ ጫፍ ከ10 እስከ 15 ሴኮንድ ይነከራል። ፈሳሹ ቀስቶቹ አጠገብ ያለውን መስመር ማለፍ የለበትም። ከዚያ ካርዱ ደረቅና ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ይተኛል። የሚነበበው በ5ኛው ደቂቃ ሲሆን ከ10 ደቂቃ በኋላ የሚታየው አይቆጠርም። ጠዋት ነክረው ለሥራ የወጡ፣ ማታ ተመልሰው የሚያነቡት ካርድ የሚነግራቸው አንዳች ነገር የለም።

ከሁሉ የባሰው ስህተት የሚሠራው ንባቡ ላይ ነው። ሰው ሁሉ የለመደው የእርግዝና መመርመሪያውን ነው፤ እዚያ ሁለት መስመር ማለት «አለ» ማለት ነው። እዚህ ተገላቢጦሽ ነው። ካርዱ ላይ በታተሙት በ«ሲ»ም በ«ቲ»ም ፊደላት ትይዩ መስመር ከወጣ ዕፁ አልተገኘም። በ«ሲ» ብቻ ወጥቶ የ«ቲ»ው ባዶ ከሆነ ተገኝቷል። የ«ሲ»ው መስመር ከሌለ ካርዱ አልሠራምና ይጣላል። የ«ቲ»ው መስመር ፈዞ፣ እንደ እርሳስ ጭረት ቀጥኖ ቢወጣም እንኳ ወጥቷል ይባላል፤ ፈዘዘ ተብሎ «ትንሽ ተጠቅሟል» አይባልም። ሁለት መስመር አይተው ልጃቸውን ከቤት ያባረሩ ወላጆች አሉ። ካርዱ ግን ያለው ሌላ ነበር።

ተገላቢጦሹ ምክንያት አለው። ስትሪፑ ላይ ቀለም የተሸከመ ፀረ እንግዳ አካል አለ። ሽንቱ ውስጥ ዕፁ ከሌለ ይህ አካል ሄዶ የ«ቲ» መስመር ላይ ይጣበቅና ቀለሙ ይታያል። ዕፁ ካለ ግን በመንገድ ይያዛል፤ መስመሩ ላይ የሚደርስ ቀለም አይኖርም። በካናቢሱ መስኮት ይህ የሚሆነው ቅሪቱ በሚሊ ሊትር 50 ናኖግራም ሲደርስ ነው። ከዚያ በታች ከሆነ ልጁ ቢያጨስም ካርዱ ነጻ ይለዋል። አንድ ጊዜ ያጨሰ ሰው ከ1 እስከ 3 ቀን ይገኝበታል፤ ቲኤችሲ የሚባለው የካናቢስ አስካሪ ንጥረ ነገር ስብ ውስጥ ስለሚከማች በየቀኑ ለረጅም ጊዜ ያጨሰ ሰው ላይ እስከ 30 ቀን ሊዘልቅ ይችላል። ስለዚህ ካቆመ ሁለት ሳምንት የሆነው ልጅ አሁንም ቢገኝበት «ዋሸኸኝ» ለማለት አይቸኩሉ።

የሐሰት ውጤትም አለ። ለኤችአይቪ የሚሰጠው ኢፋቪረንዝ በአንዳንድ መመርመሪያዎች ላይ የካናቢሱን መስኮት «ተገኝቷል» ሊያስብለው ይችላል። ኮዴይን ያለበት የሳል ሽሮፕ የሞርፊኑን መስኮት ያነቃል። መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሁሉ ዝርዝሩን ከካርዱ አጠገብ ማስቀመጥ አለበት። የካርዱ ውጤት የመጀመሪያ ማጣሪያ እንጂ ፍርድ አይደለም፤ ከባድ ውሳኔ የሚወሰንበት ከሆነ ላብራቶሪ በሌላ ዘዴ ያረጋግጠው። እስከዚህ ድረስ ካርዱ ጥሩ ነጥብ ያገኛል።

አሁን ወደ ስፓይስ። የካናቢሱ መስኮት ፀረ እንግዳ አካል የተሠራው ቲኤችሲ ጉበት ውስጥ ተፈጭቶ ወደ ሽንት የሚወርደውን ቅሪት እንዲይዝ ብቻ ነው፤ ለአንድ ቁልፍ ተለክቶ እንደተሠራ ጓጉንቸር። ሰው ሠራሾቹ ሞለኪውሎች አብዛኞቹ በቅርጻቸው ከቲኤችሲ ጋር አይዛመዱም። ስማቸውም ተመሳሳይ የሆነው በገበያ እንጂ በኬሚስትሪ አይደለም። የሚገናኙት አንጎል ውስጥ ነው፤ ሁለቱም ሲቢ 1 በሚባለው ተቀባይ ላይ ያርፋሉ። ስለዚህ ልጁ ወለል ላይ ተዘርግቶ እያንቀጠቀጠው ሽንቱ ካርዱ ላይ ንጹሕ ሆኖ ሊወጣ ይችላል። ይህ የካርዱ ብልሽት አይደለም፤ አልታዘዘበትም።

ነገሩ የተጀመረው በላብራቶሪ ነው። አሜሪካዊው የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር ጆን ሀፍማን በክሌምሰን ዩኒቨርሲቲ ይህን ተቀባይ ለማጥናት ብዙ ሞለኪውሎች ሠርተው ነበር፤ ከእነሱ አንዱ፣ ጄደብሊውኤች 018 የተባለው፣ የፈጣሪውን ስም ፊደላት እንደያዘ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ2008 መጨረሻ የጀርመንና የኦስትሪያ ላብራቶሪዎች «ስፓይስ» ተብሎ በዕጣን ስም የሚሸጠውን ከረጢት ሲመረምሩ ይህን ሞለኪውል ደረቅ ቅጠል ላይ ተረጭቶ አገኙት። ጀርመን በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ ከለከለችው፤ አሜሪካ በ2011። የተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፅ ኮሚሽን በ2015 ጄደብሊውኤች 018ን እና መሰሉን ኤኤም 2201ን በ1971ዱ የአእምሮ ነክ ዕፆች ስምምነት የቁጥጥር ዝርዝር ውስጥ አስገባ። ሠሪዎቹ ግን አንዱ ሲከለከል አንድ ጥግ ቀይረው ሌላ ያወጣሉ። የአውሮፓ የክትትል ተቋም እስካሁን የመዘገባቸው ከ200 በላይ ናቸው።

በዚህ የተነሳ «ኬ ቱ መመርመሪያ» ተብሎ ለብቻው የሚሸጠው ስትሪፕም ከዋናው ካርድ ብዙም አይሻልም። ብዙውን ጊዜ የተሠራው የጄደብሊውኤች 018ንና የቅርብ ዘመዱን የ073ን ቅሪት ለመያዝ ነው። እነዚህ የመጀመሪያው ትውልድ ናቸው፤ ከረጢቶቹ ውስጥ ከእነሱ በኋላ የመጡት ብዙ ናቸው፤ ስትሪፑም እነዚያን አያውቃቸውም። በዚህ ስትሪፕ ላይ «ተገኝቷል» ቢል ቁም ነገር ነው። «አልተገኘም» ቢል ግን ምንም አልተባለም። አዲሶቹን በአስተማማኝ የሚለዩት ማስ ስፔክትሮሜትር የሚባሉ ውድ መሣሪያዎች ናቸው፤ እነሱም ቢሆኑ የሚፈልጉት ሞለኪውል አስቀድሞ ከተመዘገበላቸው ነው። የሰፈር ክሊኒክ ውስጥ የሚገኙ ዕቃዎች አይደሉም። ለዚህ ስትሪፕ ገንዘብ አውጡ ብለን አንመክርም።

ፋርማሲስቶችን አንድ ነገር እንለምናለን። ካርዱን ስትሸጡ «ስፓይስን፣ ትራማዶልንና ፕሪጋባሊንን አያሳይም» የሚል አንድ መስመር በእስክሪብቶ ሳጥኑ ላይ ጻፉ። ቋንቋው ለገዢው ካልገባው በራሪ ወረቀቱን አብራችሁ አንብቡለት። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ታዲያ ካርዱ የማያየው ነገር ምን ያህል ከባድ ነው? «ያው ሀሺሽ ነው፣ ትንሽ ጠንከር ያለ» የሚለው ወሬ ብዙ ሰው ያስታል። ቲኤችሲ ተቀባዩን የሚያነቃቃው በከፊል ነው፤ መጠኑ ቢጨምር እንኳ ጣሪያ አለው። ሰው ሠራሾቹ አብዛኞቹ እስከ ጥግ ያነቃቃሉ። በተክሉ ውስጥ የቲኤችሲን ክንድ በተወሰነ ደረጃ ያረግባል የሚባለው ሲቢዲም እነሱ ውስጥ የለም። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2016 በኒው ዮርክ ብሩክሊን በአንድ ቀን 33 ሰዎች መንገድ ላይ ዓይናቸው ፈዞ፣ እያቃሰቱ፣ እንደ ሐውልት ቆመው ተገኝተው ነበር። ተጠያቂው ኤኤምቢ ፉቢናካ የሚባል ሞለኪውል ሲሆን ኃይሉ ከቲኤችሲ 85 እጥፍ ተብሎ ተገምቷል።

ሌላው አደጋ አረጫጨቱ ነው። ዱቄቱ በፈሳሽ ተበጥብጦ ደረቅ ቅጠል ላይ ይረጫል፤ ፈሳሹ ሲተን ዱቄቱ እኩል አይዳረስም። ከአንድ ከረጢት አንዱ ጥቅል ምንም ሳያደርግ፣ ሌላው ጥቅል ሰውን ሊጥል ይችላል። «ትናንት ከዚሁ አጭሼ ምንም አልሆንኩም» የሚለው ክርክር በዚህ ምክንያት ዋጋ የለውም። መጠኑን አውቃለሁ የሚል ሰው መጠኑን ማወቅ አይችልም፤ የሸጠለትም አያውቀውም። ወረቀት ላይ የተነከረና በቬፕ ፈሳሽ መልክ የሚመጣም አለ፤ የቬፑ ሽታው እምብዛም ስለሆነ ቤት ውስጥ አይነቃም።

ከረጢቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ግራም የሚይዝ፣ ዚፕ ያለው፣ ደማቅ የካርቱን ሥዕል የታተመበት ፎይል ነው። «ዕጣን» ወይም «ፖፑሪ» ይለዋል፤ ከታች በትንንሽ ፊደላት «ለሰው ፍጆታ አይውልም» ይላል። ዕጣን በየቀኑ በሚጨስበት ቤት ይህ ስም ማንንም አያስደነግጥምና ልብ ይበሉ፦ የእኛ ዕጣን የዛፍ ሙጫ ነው፣ ጠጠር ይመስላል፣ ፍም ላይ ይጣላል። ተፈጭቶ በፎይል የታሸገ አረንጓዴ ወይም ቡናማ ቅጠል የጓዳ ዕጣን አይደለም። ከውስጡ ምን እንዳለ ከረጢቱ አይናገርም። እ.ኤ.አ. በ2018 በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት ከ150 በላይ ሰዎች ከድድ፣ ከአፍንጫና ከሽንታቸው ደም እየወረደ ሆስፒታል ገቡ፤ ያጨሱት ሰው ሠራሽ ካናቢስ ውስጥ ብሮዲፋኩም የተባለ የአይጥ መርዝ ነበረበት። የሞቱ አሉ። የተረፉት ደም እንዲረጋ የሚረዳውን ቫይታሚን ኬ ለወራት መውሰድ ነበረባቸው። በ2012 ደግሞ በተለያዩ የአሜሪካ ግዛቶች 16 ሰዎች ስፓይስ ካጨሱ በኋላ ኩላሊታቸው በድንገት ተጎድቶ ተመዝግቧል።

እንግዲህ ከካርዱ ይልቅ ዓይንዎን ይመኑ። ስፓይስ ያጨሰ ሰው ላይ ለውጡ የሚጀምረው በደቂቃዎች ውስጥ ነው። ልብ በኃይል ይመታል፤ አንገት ሥር ወይም አንጓ ላይ በጣት ተይዞ በደቂቃ ከ120 በላይ ሲቆጠር ቀላል አይደለም። ማስመለስ፣ ላብ፣ የፊት መገርጣት ይከተላል። አንዳንዱ ይደነዝዛል፤ ቆሞ ወይም ተቀምጦ አንድ ቦታ አፍጦ፣ ቢጠሩት ዘግይቶ ወይም ጨርሶ አይመልስም። ሌላው ይረበሻል፤ ሊገድሉኝ ነው ይላል፣ የሌለ ድምፅ ይሰማል፣ በመስኮት ሊወጣ ይታገላል። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ይህ ቀልድ አይደለም፤ በረንዳውን ዘግታችሁ አንድ ሰው በሩ ላይ ይቁም። ጫት የቃመ ሰው ምርቃና ከዚህ ይለያል፤ ያወራል፣ ይቅበጠበጣል፣ እንቅልፍ ያጣል፤ በደቂቃዎች ውስጥ ደንዝዞ አያስመልስም። ከአረቄ የሚለየው ደግሞ ሽታው የለም። በቀናት ውስጥ ሽንት ማነስ፣ የጎን ሕመምና የማያቋርጥ ትውከት ከመጣ ኩላሊት ነውና ሌሊቱን አያሳድሩት።

የሚጥል ሕመም መሰል መንቀጥቀጥ ከመጣ የሚደረገውን ከነስህተቱ እንጻፈው፤ እዚህ ላይ ሰው የሚጎዳው በደግ ልብ ነው። ክብሪት ለኩሶ ማሽተት ምንም አይጠቅምም፤ ፊቱን ያቃጥላል፣ ጭሱ መተንፈሻውን ይጨምቃል። ማንኪያ ወይም ጨርቅ ጥርሱ መካከል አይገባም፤ ምላሱን አይውጥም፣ ጥርሱ ግን ይሰበራል። እጅና እግሩን ይዛችሁ አትጫኑት። ወተት አይጠጣም። መርዝ ሲጠረጠር ወተት መስጠት የቆየ ልማድ ነው፤ ግን የተጨሰ ነገር ሆድ ውስጥ የለም፣ ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ የፈሰሰ ወተት ደግሞ የሚወርደው ወደ ሳንባ ነው። የሚደረገው ይህ ነው፦ ዙሪያውን ከድንጋይና ከስለት አጽዱ፣ ከራሱ ሥር ጋቢ ወይም ጃኬት አድርጉ፣ የአንገት ቁልፉን ፍቱ፣ መንቀጥቀጡ የጀመረበትን ሰዓት ያዙ፣ ሲቆም በጎኑ አስተኙት። 5 ደቂቃ ካለፈ፣ ሳይነቃ ከደገመ፣ ደረቱን ካመመው ወይም ትንፋሹ ከዘገየ ሰዓቱን መመልከት ትታችሁ ተንቀሳቀሱ።

የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907፣ የእሳትና ድንገተኛ አደጋ በ939 ይጠራል። በዳር ሰፈሮች መንገዱ ሩቅ ስለሆነ ሲደውሉ የብሎክ ቁጥር ብቻ አይበቃም፤ ከዋናው አስፋልት ጀምሮ የሚታይ ምልክት ንገሩ፣ አንድ ሰው አስፋልቱ ላይ ወጥቶ ይጠብቅ። በግል መኪና የምትሄዱ ከሆነ ከኋላ ወንበር በጎኑ ተኝቶ፣ ራሱን የሚይዝለት ሰው አብሮት ይሂድ። ባጃጅ ላይ ቁጭ አድርጎ መውሰድ ራሱን ለሳተ ሰው አደገኛ ነው፤ አንገቱ ታጥፎ መተንፈሻው ይዘጋል። ከምሥራቅ በኩል ያሉት ኤካ ኮተቤ፣ ከአቃቂ ቃሊቲ በኩል ጥሩነሽ ቤጂንግ፣ ከደቡብ ምዕራብ አለርት ሆስፒታል ይቀርባቸዋል። የቅርቡ የመጀመሪያ ነው፤ የተሻለ ፍለጋ ከተማ ማቋረጥ የደቂቃዎች ጉዳይ ላይ አይሆንም።

ሆስፒታል ስትደርሱ ከረጢቱን ወይም ፎቶውን አሳዩ። ደብቆ «ምግብ ይሆን» ማለት ሐኪሙን ሌላ አቅጣጫ ይመራዋል። በተለይ ካርዱን ቤት ሠርታችሁ «ዕፅ የለበትም፣ መርምረነዋል» ብላችሁ አትግቡ፤ ካርዱ ከሚያደርሰው ጉዳት ሁሉ ትልቁ ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ለስፓይስ ማርከሻ መድኃኒት የለም። የሚሰጠው ለመንቀጥቀጡና ለመረበሹ ማረጋጊያ፣ በደም ሥር ፈሳሽ፣ የልብ ምት ክትትልና የኩላሊት ምርመራ ነው። ናሎክሶን የሚባለው ማርከሻ የሚጠቅመው ኦፒዮይድ፣ ማለትም የሞርፊን ወገን የሆነ ነገር፣ ከተቀላቀለበት ብቻ ነው፤ የዓይን ብሌን ጠብቦ ትንፋሽ ሲዘገይ ሐኪሙ ያስበዋል።

ዛር ነው፣ ቡዳ በልቶታል ተብሎ መጀመሪያ ወደ ጸበል የሚወሰድ ልጅ ብዙ ነው። እምነቱን አንነካም፤ ጸበሉ ይቀጥል። ነገር ግን እያንቀጠቀጠው ያለ ልጅ በረዶ በሚመስል ውኃ ሥር ከመቆሙ በፊት የልብ ምቱ በሐኪም መታየት አለበት። አስቀድሞ መድኃኒት የተጀመረለት ከሆነም ጸበል በገባ ማግስት መድኃኒቱ መቋረጥ የለበትም።

ሱሱን በተመለከተ ካርዱ የሚናገረው የለም፤ ልምዱ ግን ይናገራል። ሰው ሠራሾቹ ሰውነትን ቶሎ ያስለምዳሉ። በየቀኑ የሚያጨስ ሰው ካቆመ በሰዓታት ውስጥ ላብ፣ ማቅለሽለሽ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ የልብ መምታት፣ ንዴትና ብርቱ አምሮት ይጀምረዋል፤ አንዳንዱን ያንቀጠቅጠዋል። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ከባድ ናቸው፤ ከሳምንት በላይ የሚቆይም አለ። ስለዚህ ልጅን ክፍል ውስጥ ቆልፎ «ይወጣለት» ማለት አደገኛ ነው። ሌሊት ሌሊት ተነስቶ የሚያጨስ፣ ወይም ሲያቆም ከዚህ በፊት የተንቀጠቀጠ ሰው ማቆም ያለበት በሐኪም ክትትል ነው። አማኑኤል ስፔሻላይዝድ፣ ጳውሎስና ኤካ ኮተቤ ሆስፒታሎች የአእምሮ ሕክምና አላቸው። ከሄዳችሁ ሦስት ነገር ጽፋችሁ ሂዱ፦ በቀን ስንት ጊዜ፣ የመጨረሻው መቼ እንደሆነ፣ ከሱ ጋር ሌላ ምን እንደሚጠቀም፤ ጫት፣ አረቄ፣ ትራማዶል፣ የእንቅልፍ ኪኒን። ካርዱ ጥቅም የሚሰጠው እዚህ ላይ ነው። ሐኪሙ «ቤንዞዳያዜፒን አለበት ወይ፣ ሞርፊን አለበት ወይ» ብሎ ሲጠይቅ ፈጣን መልስ ይሰጣል፤ አብረው የሚወሰዱ ነገሮችን ማወቅ የመድኃኒት አሰጣጡን ይቀይራልና።

ለቤት አገልግሎት ግን ካርዱን በስውር አይጠቀሙበት። ከመጸዳጃ ቤት ቀድታችሁ የመረመራችሁትን ልጁ ሲያውቅ ቀጥሎ የሚሆነው ከረጢቱን የሚደብቅበትን ቦታ መቀየር ነው። ነግራችሁት፣ ተስማምቶ፣ ውጤቱ ምንም ቢሆን ቀጣዩ እርምጃ ሐኪም ቤት አብሮ መሄድ እንጂ ቅጣት እንዳልሆነ አስቀድሞ አውቆ ከሰጠ ግን ለሀሺሽ ክትትል ባለ አንድ መስኮቱ ካርድ በቂ ነው። ስፓይስ ከተጠረጠረ ካርዱ መደርደሪያው ላይ ይቅር፤ ገንዘቡ ለታክሲና ለሐኪም ቤት ካርድ ማውጫ ይሁን።